ዓይኔና ሁለቱ ድንጋዮች

ባለፈው ጥቅምት የመጨረሻ ልጄን ይዤ ሮቢት ላይ ከአውቶቡስ ወረድኩ። መንገዱ ዳር አንዲት ሴት የማሽላ እሸት ፍም ላይ እያገላበጠች ትሸጣለች። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ግራ ዓይኔ የነበረበት ቦታ አሳከከኝ። ዓይኑ ከጠፋ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የእሸት ጥብስ ሽታ ግን አሁንም ያሳክከዋል።

የመጣነው የልጅነት ጎረቤቴን እቴ ዘነቡን ለመጠየቅ ነው። አርጅታለች። ጉልበቷ ደክሟል፣ ምላሷ ግን አልደከመም። በሯ ንፋስ እንዳይዘጋው ሁለት ጭብጥ የምታክል ጥቁር ድንጋይ ደግፋዋለች። ልጄ ትዕግሥት ስትገባ ድንጋዩ አደናቀፋትና አንስታ ወደ ውጭ ልትወረውረው ስትል፣ እቴ ዘነቡ ከመደቡ ላይ ጮኸች።

«አስቀምጪ! የአባትሽ ደንጊያ ነው!»

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። «ያንተ ነው እንዴ አባ?»

«አዎ» አልኳት። «ቦታው መልሺው።»

ሌላ አልጨመርኩም። ልጆቼ የሚያውቁት አባታቸው በልጅነቱ ዓይኑን በሰው ጥፋት እንዳጣና እንደ ክርስቲያን ይቅር እንዳለ ነው። ይህ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ልጆቼን ውሸት ስለተናገሩ ቀጥቻለሁ፤ ግማሽ እውነትም ውሸት ነው ብዬ አስተምሬአለሁ። ስለዚህ ሌላውን ግማሽ ራሴ ልጻፈው።

ያ ዓመት አሥር ዓመት የሞላኝ ዓመት ነው። ክረምቱ መልካም ነበር። ከተራራው የሚወርደውን የጎሊናን ጎርፍ አባቴና ጎረቤቶቹ በቦይ እየጠለፉ ማሳው ላይ አስተኙት። ጎርፉ ደለሉን ጥሎ ሄደ። ደጋሊት የምንለው ማሽላ በዚያ ደለል ላይ አድጎ በበቅሎ የተቀመጠ ሰው ውስጡ ቢያልፍ አይታይም ነበር።

የቆቦ ሜዳ ድንጋይ የለውም። ጎርፍ በየዓመቱ ሲያለብሰው የኖረ መሬት ስለሆነ ብትቆፍር ብትቆፍር አፈር ነው። ድንጋይ የፈለገ ወንዝ ወርዶ ተሸክሞ ይመጣል። ይህን ነገር ያዙልኝ።

ማሽላው ወተት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳ ድንቢጥ የምታክል ወፍ ናት፤ ብቻዋን ብትመጣ ማንም አይፈራትም። የምትመጣው ግን እንደ ደመና ነው። ደመናው ማሳ ላይ ካረፈ የዓመት ቀለብ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ በየማሳው መሃል በአራት ቋሚ ላይ ማማ ይሠራል፤ በማማው ላይ ደግሞ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ጠባቂ ይቆማል። በዚያ ዓመት የእኛ ማሳ ጠባቂ እኔ ነበርኩ። አባቴ ሲያወጣኝ «ከዛሬ ጀምሮ እንጀራችን እጅህ ላይ ነው» አለኝ። ሌላ ምክር አልሰጠኝም። እኔም አንድ ክንድ ያህል የረዘምኩ መሰለኝ።

የምንወነጭፈው ድንጋይ አልነበረም። ጭቃ አቡክተን እንደ እንቁላል እያድቦለቦልን ፀሐይ ላይ እናደርቃለን፤ በወንጭፍ የሚላከው እሱ ነው። ማሽላ ውስጥ ማን እንዳለ አይታወቅም፤ አረም የሚያርም ሰው፣ ውሃ የምታመላልስ ልጅ ሊኖር ይችላል። ጭቃ ቢመታ ይፈርሳል፣ ድንጋይ ግን አይፈርስም። በጠባቂዎች መካከል ይህ ሕግ ነበር፤ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ከእኛ ማሳ ቀጥሎ ያለው የእቴ ዘነቡ ነው። ባሏ ከሁለት ዓመት በፊት በወባ ሞቶባት የበኩር ልጇ ደሳለኝ በአሥራ አራት ዓመቱ ሞፈር ጨብጧል። ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ሆኖት ነበር። ወንጭፍ መግመድ ያስተማረኝ እሱ ነው። ቃጫውን ጭኑ ላይ እየፈተለ «ክንድህን አይደለም የምታዞረው፣ ወገብህን ነው። እንዲያ ስትንፈራገጥማ ወፎቹ በሳቅ ይሞታሉ እንጂ አይሸሹም» ይለኝ ነበር።

ከማማ ወደ ማማ ስንጯጯህ ነው የምንውለው። ወፉ ከእኔ ተነስቶ እሱ ጋ ሲያርፍ፦

«ደሳለኝ! እንግዳ ልኬልሃለሁ፣ ተቀበል!»

«የት አባቱ! ያንተን ቤት ጨርሶ ጠግቦ ነው የመጣው!»

ይህ ጨዋታ ነው። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ ጥሩ ጠባቂ ወፉን ወደ ጎረቤት አይነዳም። ጎረቤቱን ጠርቶ ከሁለት ወገን እየጮኹ ወደ ወንዙ ግራሮች ያሻግሩታል። ይህ ድካም አለው። ሰነፍ ጠባቂ ግን ከራሱ ላይ ካነሳው ይበቃዋል፤ የት እንደሚያርፍ ግድ የለውም።

ዓይኔ በጠፋበት ቀን እኔ ሰነፍ ነበርኩ። ጥንቅሽ እየመጠጥኩ በጀርባዬ ተኝቼ ነበር። ግሪሳው ሲመጣ በስንፍና ተነስቼ ወደ ደሳለኝ ማሳ ነዳሁት። ሁለተኛ መጣ፣ ሁለተኛም ነዳሁበት።

«ሲሳይ! ወደ ወንዝ በለው እንጂ! ምን አደረግኩህ?»

ሳቅኩበት። ሦስተኛ ሲመጣ አውቄ፣ ሆን ብዬ፣ እሱ ወዳለበት ላክሁት።

«ዋ! ለአያ ካሳ ነው የምነግርልህ!» አለ። አያ ካሳ አባቴ ነው። አባቴን ደግሞ እፈራዋለሁ። በፍርሃቴና በጥጋቤ መካከል ማማዬ ላይ ቆሜ ያንን ቃል ተናገርኩ።

«አንተስ አባትህን አትጠራም? ከመቃብር ተነስቶ ይጠብቅልህ!»

ደሳለኝ እጁን ወደ መቀነቱ ሲሰድ አየሁ። እዚያ ለጅብ ብሎ የሚይዛት አንዲት የወንዝ ድንጋይ ነበረችው። ጭቃ ሲመጣ ያጉረመርማል፣ ድንጋይ ግን ያፏጫል። ፉጨቱን ሰማሁ። ከዚያ ማማው ከእግሬ ሥር የጠፋ መሰለኝ።

የማማውን ቋሚ መትቶ ሊያስደነግጠኝ ነበር። አምነዋለሁ፤ ያን ቀን ንዴት አሳተው እንጂ ሰው ሊመታ ቢፈልግ ግንባሬን አይስትም ነበር።

መጀመሪያ የደረሰልኝም እሱ ነው። በጀርባው አዝሎኝ እያለቀሰ ሮጠ። ደሙ በአንገቱ ሲወርድ ትዝ ይለኛል። ቤት ደርሶ አባቴ ሲወጣ አልሸሸም። «እኔ ነኝ የመታሁት፣ አያ ካሳ» አለና እዚያው ቆመ። አባቴ ከጀርባው ላይ ተቀበለኝ።

ቆቦ ወሰዱኝ፤ ሐኪሙ ዓይኔን አይቶ «የዚህ ብርሃን አልፏል፣ ሌላውን ጠብቁለት» አለ። እናቴ ራስጌዬ ተቀምጣ «ምን ተባብላችሁ ነው ልጄ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምንም» አልኳት። «ምንም ሳልለው ነው የመታኝ።»

በሳምንቱ አጎቴ ሙሉጌታ ጠብመንጃውን አንግቶ ከዋጃ መጣ። ቁጭ ሳይል ጀመረ።

«እንዲህ ዝም ብለህ ልትቀመጥ ነው?»

«ዝም አላልኩም» አለ አባቴ። «እያሰብኩ ነው።»

«ምኑን ታስባለህ? የወንድሜ ልጅ ዓይን በግፍ ፈሰሰ! ነገ ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው የሚለውን ይበል። ጠብመንጃህን ግን ከልጁ ራቅ አድርገህ ስቀለው፤ ከቤቴም እስክትወጣ አታውርደው።»

አጎቴ ሰቀለው። አባቴ ድምፁን ከፍ አያደርግም ነበር፤ ከፍ ሳያደርግ ሲናገር ግን ሰው ይታዘዘዋል።

አባቴ ይቅር ብሎ ነበር ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። አላለም ነበር። እንዴት እንደማውቅ ልንገራችሁ። ጀምበር ስትጠልቅ ቤተሰቡ ሁሉ ቆመን አባታችን ሆይ እንላለን፤ የአባቴ ድምፅ እንደ ከበሮ ከሥር ይሸከመናል። ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ ግን እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል ከሚለው ቦታ ስንደርስ ድምፁ ይጠፋል። እናቴና እኔ ብቻችንን ቀጭን ሆነን እንቀራለን። ያ ቦታ ሲያልፍ ተመልሶ ይገባል። እኔ አባቴ ጸሎቱን የረሳ መስሎኝ አዘንኩለት። አንድ ቀን ላስታውሰው ብዬ ያቺን ቦታ ጮክ አድርጌ አልኳት። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። በእግዚአብሔር ፊት የማያደርገውን ነገር አደርጋለሁ ላለማለት ዝም እንዳለ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ያቺን ቃል በየቀኑ እያለ ቂሙን አቅፎ ያድራል። አባቴ አልዋሸም። በዚህ እኮራበታለሁ።

ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ መጡ። ዋናው የንስሐ አባታችን ቄስ ፈንታው ሲሆኑ ሼህ እንድሪስም አብረው ነበሩ፤ በእኛ አገር ዕርቅ ሲሆን ቄሱና ሼሁ አንድ የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። በሦስተኛው ቀን አባቴ መልስ ሰጠ።

«ዓይኑ የኔ አይደለም። የሲሳይ ነው። እሱን ጠይቁት።»

«ካሳ፣ የአሥር ዓመት ልጅ እኮ ነው!» አሉ ቄስ ፈንታው።

«ሲያጣው ማን ተጋራው? ይቅር ሲልም ማንም አይልለትም።»

ጠሩኝ። ሼህ እንድሪስ ሻሽ የታሰረ ራሴን እየዳበሱ «ልጄ፣ ደሳለኝ ደንጊያ ተሸክሞ ደጃችሁ ይምጣ? ትቀበለዋለህ?» አሉኝ።

ዕርቅ አይቼ አላውቅም። ድንጋይ ይዞ ይመጣል ሲሉ እኔ የገባኝ ሌላ ነው፤ በድንጋይ ስለመታኝ፣ በተራዬ የምመታበትን ድንጋይ ራሱ ያመጣልኛል አልኩ። ትክክለኛ ፍርድ መሰለኝ። ቄሱም ሼሁም ተስማምተውበታል!

«ደንጊያውን ራሱ ነው የሚያመጣው?» አልኩ።

«ራሱ ነው፣ ተሸክሞ።»

«ይምጣ» አልኩ።

ሼህ እንድሪስ እንባቸው መጣ። «ማሻአላህ! የልጁን ልብ እዩልኝ!» ብለው ራሴን ሳሙኝ። ቄስ ፈንታው አማተቡ። እኔ ደግሞ እሑድ እስኪደርስ ድረስ ከጓሮ በአንድ ዓይን ዒላማ ስለማመድ ሰነበትኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢያችን በሰው ሞላ። አባቴ ደጃፉ ላይ አስቀመጠኝና እሱ ከኋላዬ ቆመ። ወንጭፌን ከጋቢዬ ሥር ይዣለሁ። ደሳለኝ ከእናቱ ጋር መጣ። ነጠላውን ወገቡ ላይ አሸርጧል፤ ማጅራቱ ላይ የተሸከመው ድንጋይ ሁለት የበግ ጭንቅላት ያክላል። ይህ በወንጭፍ እንዴት ይወነጨፋል? ይህን ነበር የማስበው።

ቀረብ ሲል ድንጋዩን አወቅኩት። የማማው መርገጫ ነው። አባቱ በሕይወት እያለ ከጎሊና ተሸክሞ አምጥቶ የተከለው፣ ደሳለኝ ማማው ላይ ሲወጣ የሚረግጠው። እናቱ ቀለል ያለ ብትፈልግለት እምቢ ብሎ እሱን ነቅሎ መጣ።

ፊቴ ተንበረከከ፤ ግንባሩ ጉልበቴን ሊነካ ትንሽ ቀረው። ቄስ ፈንታው በሥርዓቱ ጠየቁት።

«ደሳለኝ፣ ልጁ ያለህ ክፉ ነገር አለ? የሚያስቆጣ ቃል ተናግሮህ ነበር? ካለ አሁን ተናገር። ደንጊያው ይቀልልሃል።»

ወንጭፌን ረሳሁት፣ ዓይኔን ረሳሁት። እናቱ አጠገቡ ቆማለች። ከኋላዬ አባቴ አለ። እውነቱን ቢናገር ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ነው የሚዞረው።

ደሳለኝ ድንጋዩ ሥር ሆኖ ዓይኑን ወደ እኔ አነሳ። አየኝ።

«የለም አባቴ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሲሳይ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«አውርድለት» አሉኝ።

የተበደለው ነው ድንጋዩን ከበዳዩ ላይ የሚያወርደው። ተነስቼ በአንድ እጄ ሞከርኩ፣ አልተነቃነቀም። አጎቴ ሊያግዘኝ ሲራመድ አባቴ «ተወው፣ ራሱ ያውርደው» አለ። ሁለት እጄን ሳወጣ ወንጭፌ ከጋቢዬ ሥር ወጥቶ ደሳለኝ ጉልበት አጠገብ ወደቀ።

«እዩ! ወንጭፉን ጣለ!» ብለው ጮኹ ቄስ ፈንታው። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰው ሁሉ በቀሉን ጣለ ብሎ ተረዳ። አንድ ሰው ብቻ እልልታው ውስጥ አልነበረም፤ አባቴ ወንጭፉን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

ድንጋዩን እያንገራገጭኩ አወረድኩት። ማጅራቱ ተልጦ ነበር።

ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲበተን አባቴ ሁለታችንን ጠራ። «ይህ የማማው መርገጫ ነው። ልጁ ነገ በምን ይውጣ? መልሱት።»

የእሱ ማጅራት ተልጧል፣ እኔ መሸከም አልችልም፤ እያንከባለልን ሄድን። ማሽላው ውስጥ ስንገባ ጠየቅኩት።

«ለምን አልተናገርክም?»

ቆም ብሎ ላቡን ጠረገ። «ብናገር ኖሮ የደንጊያው ግማሽ ያንተ ይሆን ነበር» አለ። «አንተ ደግሞ ትንሽ ነህ።»

ይህን ብሎ እንደገና ጎንበስ ብሎ መግፋት ጀመረ።

ያን ዕለት ጀምበር ስትጠልቅ ለጸሎት ቆምን። የአባቴ ድምፅ ያቺ ቦታ ላይ አልጠፋም። ቤቱን ሞላው። የጠፋው የእኔ ነው። በደላችንን ይቅር በለን ከሚለው ጋ ስደርስ አፌን ዘጋሁ።

ጠዋት አባቴ ቦዩ ዳር ወሰደኝ። «ድምፅህ የት ሄደ?» አለኝ። ነገርኩት። ወፉን፣ ሳቄን፣ ያንን ቃል፣ ወንጭፉን ለምን እንደያዝኩ፣ ሁሉንም። ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። «የዘነቡን ባል እኔ ነኝ መቃብር ያወረድኩት። ወዳጄ ነበር» አለ። ቀጥሎ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። «ደንጊያ ፈልግ።»

ወንዝ ወርጄ የዶሮ እንቁላል የምታክል ይዤ መጣሁ። አባቴ በመዳፉ መዘናት።

«ቃልህ ይህችን ያክላል?»

ተመልሼ ወረድኩ። ሁለት ጭብጥ የምታክል ጥቁር ድንጋይ ይዤ ስመጣ «በል እንሂድ» አለ። ማጅራቴ ላይ አድርጌ የእቴ ዘነቡ ደጃፍ ተንበረከክሁ። ሽማግሌ የለም፣ እልልታ የለም። አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። እሷ ወንፊት ይዛ ወጣች።

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ? ገና ቁስልህ ሳይደርቅ!»

የተናገርኩትን ቃል ፊቷ ላይ ደገምኩት። ስለ ሟች ባሏ ነውና ከአፌ ሲወጣ እንደገና የከፋ ሆነ። ወንፊቱን አስቀመጠች።

«ደሳለኝ ይህን ሰምቷል?»

«ሰምቷል።»

«ትናንት ቄሱ ሲጠይቁት እያወቀ ነው የለም ያለው?»

«እያወቀ ነው።»

ወደ ማሳው ዞረች። ከማሽላው በላይ ልጇ ማማው ላይ ቆሞ ይታያል። እንባዋ ወረደ፣ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር።

«የአባቱ ልጅ» አለች።

ድንጋዩን በራሷ እጅ አወረደችልኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብላ በሩ ሥር አኖረችው። እዚያው አለ። ጥፋቴን ልታስታውስበት ያስቀመጠችው ይመስለኝ ነበር፤ ልጇን እንደምታይበት የገባኝ ራሴ አባት ስሆን ነው። ይህን ለትዕግሥትና ለወንድሞቿ እጽፋለሁ፦ ይቅር ያለው አባታችሁ ብቻ አይደለም፤ አባታችሁ ይቅር የተባለ ሰው ነው። የምኮራውም በሁለተኛው ይበልጣል።

በዚያው ቀን ማማዬ ላይ ወጣሁ። አባቴ ወንጭፌን ሲመልስልኝ «እንጀራችን እጅህ ላይ ነው» አለኝ፤ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር። ሻሹ ግማሽ ፊቴን ሸፍኖታል። ዓለሙ ግማሽ ሆኖብኛል። ወፉ በየት እንደሚመጣ ሳላውቅ እየዞርኩ ስጨነቅ፣ ከወዲያኛው ማማ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«ሲሳይ! በግራህ! በግራህ ነው!»

ሳላይ ወገቤን አዙሬ ጭቃውን ለቀቅሁት። ደመናው ከማሽላው ላይ ተነሳ። እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ እየጮህን ወደ ወንዙ ግራሮች አሻገርነው። አዝመራው እስኪሰበሰብ ድረስ በየቀኑ እንዲህ ዋልን፤ በግራዬ ያየልኝ ደሳለኝ ነው።